ምዕራፍ ሰባት ላይ የሞቱት አባት

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጓደኛዬ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ቁመቷ ግን ከትከሻዬ ስለማያልፍ ታላቅነቷን የሚያምንላት አልነበረም። ሁለታችንም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ ሁለታችንም አንድ ቀን ዲላ ላይ ሐውልት እንደሚቆምልን አንጠራጠርም። የእኔ ሐውልት እስክሪፕቶ ይይዛል፣ የእሷ ብሩሽ። ያልተስማማነው ቦታው ላይ ብቻ ነው። እኔ መናኸሪያው በር ላይ እንዲሆን ፈለግኩ፤ ከይርጋጨፌም ከሀዋሳም የመጣ ሰው ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ እኔን እንዲያይ። እሷ «እኔን ሰው የማይበዛበት ያቁሙኝ» አለች።

ልዩነታችንን ለማስረዳት ይኼ ይበቃ ነበር፤ ግን ማውራት ስለምወድ እጨምርበታለሁ።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አያቶቼ ከሰሜን ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ያሉትን አራት ክፍሎች ለተማሪ ታከራያለች። እሷ ከደጋው ከቡሌ የወረደች የገበሬ ልጅ ናት፤ ከአራቱ ክፍሎች የመጨረሻዋን፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለችውን ተከራየች። እኔ ተኝቼም አወራለሁ ይሉኛል። እሷ ጥያቄ ስትጠየቅ መልሱን መጀመሪያ ለራሷ ትነግረውና፣ ካልወደደችው ትተወዋለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሷ ፕሮቴስታንት፤ በጾም ክፍሏ ስገባ ቅቤው እንዳይፈትነኝ አፍንጫዬን ይዤ ነበር፣ ብዙ ጊዜም ተሸንፌ ወጥቻለሁ። እኔ አሥር ነገር ጀምሬ አንዱንም አልጨርስም። እሷ አንድ ነገር ከጀመረች እስክትጨርሰው ምሳ አትበላም።

የምትጀምረው ነገር ስዕል ነው። በመጣች በሁለተኛው ሳምንት የእናቴን አውራ ዶሮ ክፍሏ ግድግዳ ላይ በከሰል ሳለችው። እናቴ ኖራ የተቀባ ግድግዳዋ መበላሸቱን ሰምታ ልትቆጣ ገባች፤ ገብታ ቆመች፤ ብዙ ጊዜ ቆመች።

«ይኼ የኛው ዶሮ አይደለም እንዴ?»

«ነው፣ እትዬ።»

«ያ ክፉ ዓይኑ፣ ቁርጥ እሱን።» ከዚያ አከራይ መሆኗ ትዝ አላት። «ለማንኛውም ስትለቂ አስቀብተሽ ነው።»

እኔ እናቴን እንዲህ አፏን ያስያዘ ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ የዚያኑ ቀን ጓደኛዋ ልሆን ወሰንኩ። እሷን አልጠየቅኳትም። ጥራዝ ደብተሬን ይዤ ገብቼ አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩና እስከ ራት ድረስ የጻፍኳቸውን ግጥሞች አነበብኩላት። ስጨርስ «ጥሩ ነው» አለችኝ። እስከ ዛሬ ከሰማሁት ሂስ ሁሉ ረጅሙ እሱ ይመስለኛል፤ ሳምንት ሙሉ ኖርኩበት።

ከዚያ በኋላ ሰው አንዳችንን ለብቻ ያየን ቀን የለም። ትምህርት ቤት አብረን እንሄዳለን፣ ዝናብ ሲጥል በአንድ ጃንጥላ እንበሰብሳለን፣ ስንጣላም አብረን ሆነን ነው የምንጣላው። እና ልብ ወለድ ጀመርን። ማለቴ፣ እኔ ጀመርኩ፣ እሷ ሳለችበት። ሠላሳ ሁለት ገጽ ባላቸው ደብተሮች፣ አንዱ ደብተር አንድ ምዕራፍ ሆኖ። ታሪኩ ከደጋ ወርዳ ከተማ ስለምትማር ድሃ ልጅ ነው። ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ፤ ከሽንት ቤቱ አጠገብ ካለችው ክፍል ነው ያመጣሁት። ደብተሮቹ ከክፍል ጓደኛ ወደ ክፍል ጓደኛ በወረፋ ይዞሩ ነበር፤ ስድስተኛው ምዕራፍ ሲመለስልን የዘይት ጠብታና የእንባ ጠብታ ነበረበት። እንባ ነው ብዬ ካመንኩት ቢያንስ አንዱ ዘይት እንደነበር አሁን ይገባኛል።

እዚህ ላይ አባቷን ማስተዋወቅ አለብኝ። አባቷ ቡሌ እንሰትና ገብስ ያላቸው፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በየገበያው ቀን ቆጮ ይዘው ዲላ ይወርዳሉ፤ ለአሥር ዓመት ደንበኛቸው ለሆነች አንዲት ቆጮ ነጋዴ አስረክበው፣ ልጃቸው ዘንድ ጎራ ብለው ነው የሚመለሱት። ልጃቸውን ያወረዷት ነርስ እንድትሆን ነው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፣ ሁላችንንም «አንተ» ነበር የሚሉን። አንድ ቀን የባዮሎጂ ደብተሯን ከፍተው፣ የልብ ሥዕላዊ መግለጫ ሊኖርበት የሚገባው ገጽ ላይ የእኔን እናት ልብስ ስታጥብ አገኟት።

«ለዚህ ነው ቡሌን ጥለህ የወረድከው?» አሏት። ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉት። «ሌላ አንድ ካየሁ ዕቃህን ጭኜ እመለሳለሁ።»

የሚሉትን የሚያደርጉ ሰው እንደነበሩ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ ደግሞ አዲስ አበባ ስዕል የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት እንዳለ፣ መግቢያ ፈተና እንዳለው፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ እንደሚፈተን ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሰምታ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አይታያትም። ሦስት ወር ቀርቶናል። እስከዚያ ድረስ አባቷ አንዲት ስዕል ካዩ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው። ስዕሎቿን በሙሉ አልጋዬ ሥር እኔ ነበርኩ የምደብቃቸው፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ዶሮ ደግሞ በቀሚሷ ጋረድነው።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ምዕራፍ ሰባት ላይ የባለታሪኳን አባት የገደልኩት።

ሳልገድላቸው ታሪኩ አይሄድልኝም ነበር። በጉምና በዝናብ መንገድ ላይ ይሞታሉ፤ ከተማ ያለችው ልጅ አልሰማችም፤ ሰው ሁሉ ይደብቃታል። አሳዝኖኝ ራሴ ሁለቴ አለቀስኩ። ግጥምም ገጠምኩላቸው፦

ጉሙ መንገድ ዘጋ፣ ዝናቡ አላባራ፣
አባት እንደወጣ ቀረ ከተራራ።
ከተማ ያላችሁ ቀስ ብላችሁ አውሩ፣
ልጁ አልሰማችም፣ አደራ እንዳትነግሩ።

ገጹ ሲሞላብኝ ቀሪዎቹን ሁለት ስንኞች ወደሚቀጥለው ገጽ አዞርኳቸው። ከግጥሙ በላይ ስዕል ፈለግኩ።

«አንድ ሽማግሌ ሳዪልኝ» አልኳት።

«እኔ ከአባቴ ሌላ ሽማግሌ አጥርቼ አላውቅም።»

«እና አባትሽን ሳዪዋ። ማን ያየዋል?»

አሰበችበት። ከዚያ ሁለት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ስትጨርስ አባቷ ቡሉኳቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ግንባራቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከደብተሩ ውስጥ ቀና ብለው አዩኝ። ጥላውን በከሰል ዱቄትና በጣቷ ነበር የሠራችው። እውነቱን ልናገር፣ ከግጥሜ ይበልጥ ነበር፤ ያኔ ግን አልተናገርኩም።

ምዕራፍ ሰባት ለመጀመሪያዋ ተረኛ ሄደ። ተረኛዋ የዚያች የቆጮ ነጋዴ ልጅ ነበረች። ደብተሩ ሽቦው የላላ ነበርና ገጿ ተገንጥላ ቤታቸው ወለል ላይ ቀረች። ቀጥሎ የሆነውን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው፤ ለእናንተ ግን በቅደም ተከተሉ ልንገራችሁ።

እናትየው ቤት ስትጠርግ ደንበኛዋን ወለል ላይ አገኘቻቸው። ማንበብ አትችልም። ስዕሉን ግን ማንበብ አያስፈልገውም፤ አሥር ዓመት ቆጮ ያስረከቧት ሰው ናቸው። ወረቀቷን ይዛ ጎረቤቷ ዘንድ ሮጠች፣ ጎረቤቷ ግጥሙን አነበበችላት። መንገድ፣ ዝናብ፣ ተራራ፣ ልጁ አልሰማችም። ሰውየው ደግሞ ሁለት ገበያ ሙሉ አልወረዱም ነበር።

«የሟቹ ስም አልተጻፈም» አለች ጎረቤት።

«ስሙን ምን ያደርጋል፣ እኔ አውቀው የለም ወይ።»

አሁን የሌላ አገር ሰው ቢሆን ይጠይቃል። የገዛ ልጇን፣ «ይኼ ወረቀት ከየት መጣ?» ብትላት ነገሩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን መርዶ እንዲህ አይደለም። መርዶ ሰው ከሰው እየተደባበቀ፣ በጊዜው፣ በወጉ ነው የሚነገረው። ልጇ የሟች ልጅ ጓደኛ ስለሆነች አፍ ያመልጣታል ብላ ደበቀቻት። ቀጥታ እናቴ ዘንድ መጣች። እናቴ ግጥሙን አነበበች፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ እና የመጀመሪያ ትእዛዟ ስለ እኔ ነበር፦ «ያቺ ወንፊት እንዳትሰማ።»

ብቻ እናቴ ጠንቃቃ ናት፣ ስልክ ሞከረች። የአባትየው ስልክ አይሠራም። ቡሌ መብራት ከጠፋ ሳምንቱ ነበር፤ እናቴ ግን «ይኸው» አለች። ሌላ ዘመድ ጋ እንደውል ያለ ሲመጣ፣ የእድሩ ሴቶች ተቆጡ። ሐዘን ቤት ደውሎ ሞቷል ወይ ተብሎ ይጠየቃል?

መርዶው የዚያኑ ማግስት ይነገር ነበር፤ ግን እኛ የሞዴል ፈተና ላይ ነበርን። «ፈተናዋን ትጨርስ» ተባለ። ልክ ነው፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። አራት ቀን ቀርቶን ነበር።

እነዚያ አራት ቀኖች በሕይወቴ ከፍ ያልኩባቸው ቀኖች ናቸው።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆጮ ነጋዴዋ ጓደኛዬን መንገድ ላይ አስቁማ አቀፈቻት፣ አምስት አቮካዶ በቀሚሷ ቋጠረችላት፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ» ብላ ዞር አለች። እኔና እሷ ተያየን።

«አነበበችው» አልኩ።

«ማንበብ ትችላለች?»

«ልጇ አንብባላት ነዋ።»

ረቡዕ እናቴ፣ አምፖል አላጠፋችሁም ብላ ደጃፍ ላይ የምትቆም እናቴ፣ ምስር በስጎ ይዛ ክፍሏ ድረስ ሄደች። «እስከፈለግሽ አብሪ፣ አጥኚ» አለቻት። ሐሙስ የሰፈሩ ሴቶች ስናልፍ ወሬ ያቆማሉ። ልብስ ሰፊው ቀሚሷን በነፃ አሳጠረላት። አንዲት የማናውቃት ሴት ባጃጅ አስቁማ አሳፈረችን፤ ጓደኛዬን እያየች ከንፈሯን መጠጠች።

«ዝና እንዲህ ነው ለካ» አልኩ ባጃጁ ውስጥ።

እሷ ያጠረውን ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሳበች።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አልኩ። «ለምን አንቺን ብቻ?»

እውነትም ለእኔ አንድ አቮካዶ የሰጠ አልነበረም። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ፣ አባትየውን የገደልኩት እኔ፣ አቮካዶው ለሷ። በመጨረሻ የዚህች አገር ሰው ጽሑፍ አይገባውም፣ ዓይኑ እንጂ ልቡ አያነብም ብዬ ደመደምኩ፤ ለዚህም አንድ መራራ ግጥም ጻፍኩ። ጓደኛዬ ከአቮካዶዎቹ ሦስቱን ሰጠችኝ። ተቀበልኩ፣ ኩርፊያዬን ግን አልተውኩም።

አርብ ፈተናው አለቀ። ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እናቴ ቀሰቀሰችኝ።

«ጫማሽን አድርጊ፣ ውጪ። እንዳትጮኺ።»

ግቢው ነጭ ለብሶ ነበር። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ቆመዋል። አጥሩ ጋ ከሷ ቤተ ክርስቲያን የመጡ አራት ሰዎች የመዝሙር ደብተር ይዘዋል። ደጅ ላይ አንድ አይሱዙ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። እናቴ ሄዳ የመጨረሻዋን በር አንኳኳች። ጓደኛዬ ከፈተች፤ ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ጣቷ ላይ ከሰል አለ። ነጩን ሕዝብ አየች። በእኛ አገር በዚያ ሰዓት እንዲህ ሆነው የሚመጡት ለአንድ ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ማንም ሳይናገር ገባት።

«ማነው?» አለች።

«አባትሽ፣ ልጄ» አለች እናቴ።

እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያወጣችው ድምፅ አሁንም አንዳንዴ ይሰማኛል። እኔም ጮኼ አለቀስኩ፤ ሰውየውን እወዳቸው ነበር፤ «አንተ ወሬኛ» እያሉ ቡላ ያመጡልኝ ነበር። አራት ሰዎቹ «አታልቅሱ፣ ተስፋ እንደሌላቸው አትሁኑ» ይላሉ፤ የእድሩ ሴቶች ደግሞ አልቅሰው ሊያወጡላት ነው የመጡት። በዚህ መሃል፣ ለቅሶ ላይ በመግጠም የታወቁ አንዲት አሮጊት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፦

«ጉሙ መንገድ ዘጋ፣ ዝናቡ አላባራ...»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ግጥሜ በአደባባይ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሃያ ሴት ደረቷን እየመታች። ሁለተኛው የተሰማኝ ንዴት ነው፤ አሮጊቷ «ቀረ ከተራራ» የሚለውን «ቀረ ከዳገቱ» ብለው ቤቱን አፈረሱት። በሦስተኛው ነው ነገሩ የገባኝ።

እናቴን ክንዷን ያዝኩ። «እማዬ፣ አልሞቱም።»

«እሺ ልጄ።»

«እማዬ፣ እውነቴን ነው። አልሞቱም።»

ሐዘን ያየ ሰው ያውቃል፤ ሐዘንተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አልሞተም ነው። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደገፉኝ። ከመዝሙር ደብተረኞቹ አንዱ ቀረብ ብሎ «ልክ ነሽ እህቴ፣ በጌታ ያለ አይሞትም» አለኝ።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አልኩ።

«ተይ፣ ሁላችንም እንዲህ ይሰማናል» አለች አንዷ ደጋፊዬ፣ እና ፊቴ ላይ ውሃ አፈሰሰችብኝ።

እንዲህ አድርገው ሁለታችንንም አይሱዙው ላይ ጫኑን። ንፍሮው በትልቅ ሰፌድ መሃላችን ተቀመጠ። ከዲላ እስከ ቡሌ ያለው መንገድ በደህና ቀንም አጥንት ይቆጥራል፤ በዝናብ ደግሞ መኪናው አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሴቶቹ ሲንገጫገጩ ለቅሶው ይቋረጣል፣ ሲስተካከል ይቀጥላል። ጓደኛዬ ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ደፍታለች። ጆሮዋ ጋ ተጠጋሁ። አሮጊቷ ያላገኟቸውን፣ ወደሚቀጥለው ገጽ ያዞርኳቸውን ሁለት ስንኞች አልኩላት፦

ትስቅ ትጫወት፣ ገና ነው ጠዋቱ፣
ለማልቀስ ይደርሳል እስኪሞቅ መሬቱ።

ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል።

«ምዕራፍ ሰባት» አለች።

«ገጿ ወድቃ ነው መሰለኝ። ሴትየዋ አግኝታት።»

«አቮካዶው።»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ አልነበርኩም። ሁለት ገበያ አልወረዱም፤ ስልካቸው አይሠራም። መኪናው በተንሸራተተ ቁጥር ጽፌ የገደልኳቸው እየመሰለኝ ነበር። «እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። ከዚያ «ለሴቶቹ ንገሪያቸው፣ አንቺን ያምኑሻል» አልኩ።

ከነጋዴዋ ደረት ብቅ ያለችውን ወረቀት አየች። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ወረቀቷ ቆጮ ነጋዴዋ ደረት ውስጥ ናት፤ ሴትየዋ ከፊታችን ተቀምጣለች። አባትየው በሕይወት ካሉ፣ ወረቀቷን ማየታቸው አይቀርም።

«ከሞተ አያየውም» አለች። «ካለ ያየዋል።»

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ይኑርና ይየው» አለች።

ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም፣ ለማንም ግን አልተናገረችም። አሁን ሳስበው፣ አፏን ከፍታ አልሞተም ብላ ብትሳሳት፣ ሁለተኛውን መርዶ አትችለውም ነበር።

ቡሌ ስንደርስ ጉሙ እንሰቱ ላይ ተኝቶ ነበር። አይሱዙው ቆመ፣ ሴቶቹ ወረዱ፣ ወጉ በሚያዘው መሠረት ከበሩ ርቀው ጩኸቱን ለቀቁት። ከእንሰቱ መሃል አንድ ረጅም ሰው ብቅ አሉ። መጥረቢያ ይዘዋል። ይህን ሁሉ ሰው ሲያለቅስ አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ እናቴን አዩ። ማን ሞተ ብለው አልጠየቁም። መጥረቢያውን ጣሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እያለቀሱ ሊቀበሉን መጡ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። በመጨረሻ ብቻቸውን የሚያለቅሱት እሳቸው ነበሩ።

«አባቴ» አለች ጓደኛዬ። ሮጣ ወገባቸውን ያዘች።

እሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ እናቴን «ማን ነው የሞተብን?» አሏት።

እናቴ በሕይወቷ ለሁለተኛ ጊዜ መልስ አጣች። ሁሉም ወደ ቆጮ ነጋዴዋ ዞረ። ሴትየዋ እውነቷን ነበር፤ ራሷን ለማዳን ወረቀቷን ከደረቷ አውጥታ ዘረጋችው። «እኔ ምን ላድርግ፣ ይኼው፣ አንተው አይደለህ?»

አባትየው ወረቀቷን ተቀበሉ። አራቋት፣ አቀረቧት። ሰው ሁሉ ስለ ሞታቸው ግጥም የሚያነቡ መስሎት ነበር፤ እኔና እሷ ግን ዓይናቸው ከስዕሉ ወደ ታች እንዳልወረደ እናይ ነበር።

«ማነው የሠራው?»

ከመጠየቃቸው በፊት እኔ ነኝ ብዬ ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

ጉሙ ውስጥ ሃያ ሴት ቆማ ትጠብቃለች። እሳቸው እጃቸውን ወደ አፋቸው አስገብተው ድዳቸውን ዳሰሱ። «ጥርሴ የጎደለው በዚህ በኩል አይደለም» አሉ። «በዚያ በኩል ነው።» ከዚያ ወረቀቷን አጥፈው ባርኔጣቸው ውስጥ ከተቱና፣ «ግቡ፣ ብርድ ነው» አሉ።

ገባን። ለለቅሶ የመጣ እንግዳ ሳይበላ አይመለስም፣ ለቅሶ ባይኖርም። ቆጮ ቀረበ፣ ጎመን ቀረበ። ሁለት ገበያ የቀሩት መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶባቸው ነበር። የሰፌዱ ንፍሮም ወርዶ ስለነበር እሳቸውም ዘግነው በሉ። ሰው የራሱን ንፍሮ ሲበላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ጨው አንሶታል» አሉ። አሮጊቷ ገጣሚ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ በመጨረሻ እናቴ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ሴቶቹ የደራሲዋን ማንነት እዚያው ሳህን ላይ አውቀው ስለነበር፣ እየሳቁ እያዩኝ ነበር።

ልንመለስ ስንል አባቷ ልጃቸውን ትከሻዋን ያዙና «እሱ እዚህ ይቆያል» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አይሱዙው ላይ ሆኜ ከዓይኔ እስክትሰወር ድረስ አየኋት። እጇን አላነሳችም።

የሆነብኝን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰፈሩ «ገዳይ» አለኝ። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ «ገዳይ፣ ዛሬ ማን ተረኛ ነው?» ይሉኛል። እናቴ የቀሩትን ስድስት ምዕራፎች ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችባቸው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አሰረችው። እኔ ግን ያስጨነቀኝ የመጨረሻዋ ክፍል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደተዘጋች ቀረች። ማታ ማታ የበሩን ቁልፍ እነካካለሁ። ሰው ዕቃዋን ሊጭን በመጣ ቀን ምን ብዬ እንደምለምን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ረጅም፣ የሚያምር ንግግር።

በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣች። ብቻዋን፣ ጭቃ እስከ ጉልበቷ። ንግግሬን ልጀምር ስል እጇን አነሳች።

«አርባ ደቂቃ» አለች። «ከግቢው እስከ መኪናው ላይ፣ አርባ ደቂቃ ሞቶብኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም።»

እውነቷን ነው። ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ጭቃዋን በስንጥር መፋቅ ጀመረች። ሁለቱን እግሮቿን እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

«ቀጥሎ የራስሽን አባት ግደይ» አለች በመጨረሻ።

«የኔ ገና በልጅነቴ ሞቷል።»

«እንግዲያው እናትሽን።»

«እናቴ ሞታ እንኳ ደብተር ትቆልፋለች።»

ሳቀች ማለት አልችልም፤ በአፍንጫዋ ተነፈሰች። ለሷ ብዙ ነው። ከዚያ ባልለመድኩት ሁኔታ፣ ሳልጠይቃት አወራችልኝ። አባቷ አምስት ቀን ስለ ስዕሉ አንድ ቃል አልተናገሯትም። እሷ እንሰት ስትፍቅ፣ የቡሌ ሰው ሞተው የተነሱትን ሰውዬ ለማየት ይመጣል። አባቷ ለመጣው ሁሉ ወረቀቷን ከባርኔጣቸው አውጥተው ያሳያሉ፤ ይመልሱታል። በስድስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ «እኔ ሳልሞት ይሥራኝ» ብለው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። እሷ አባቷን አየች። አባቷ ወደ ውጪ እያዩ «ወረቀት አለህ?» አሏት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አንድ ሰው ይቀመጣል። አንዲት አሮጊት መጨማደዳቸውን ስላሳየችባቸው ተቆጥተው ሄደዋል፣ በማግስቱ ግን ተመልሰው መጡ።

«ስለ አዲስ አበባው ፈተናስ?» አልኳት። «ነገርሻቸው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላለም። ነርስ የሚሆነው ማን ነው አለ። ከዚያ ተኛ።»

ከዚያ የቀሩትን ሳምንታት እንደዚያ ሆነን አሳለፍን፤ አባቷ ይፍቀዱ አይፍቀዱ ሳናውቅ። እሷ ትስላለች፣ እኔ አልጽፍም። ደብተር ሳነሳ እጄ ሰው የሚገድል ይመስለኝ ነበር። ስለ ሐውልቱ ያወራ አልነበረም።

የመግቢያ ፈተናው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው አባቷ ከቡሌ ወረዱ። ቆጮ አልያዙም። ንጹህ ሸሚዝ ለብሰዋል። እናቴን ሰላም አሉ፣ እኔን «አንተ ገዳይ» አሉኝ፣ ልጃቸውን «ተነስ» አሏት። በማግስቱ ጠዋት የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ። አባቷ ከሀዋሳ አልፈው አያውቁም ነበር። ሁለት ቀን እሷ ውስጥ ስትፈተን እሳቸው ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት፤ ከተማውን ዞር ብለው እንዲያዩ ዘበኛው ቢነግራቸውም አልተነሱም። በሦስተኛው ቀን ውጤቷ እስኪወጣ የምታድርበት ዘመድ ቤት አድርሰዋት፣ ወደ መናኸሪያ ሄደው፣ በመጀመሪያው መኪና ወደ ቡሌ ተመለሱ።